ላም ያለቡ ብዕረኞች

ቶማስ ተሰር እርሻ አልሆነለትም። በልጅነቱ ድምፁ የተወደደለት ዘማሪ ነበር፤ ለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ዘመረ፣ ኢተንና ካምብሪጅ ተማረ፣ ከዚያም በአንድ ጌታ ቤት ሙዚቀኛ ሆኖ ዓመታት አገለገለ። የጌቶች ደጅ ሲሰለቸው ሚስት አግብቶ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሳፎክ ውስጥ መሬት ተከራየና አራሽ ሆነ። በ1557 (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ እርሻ መቶ ምክሮችን በግጥም ጽፎ አሳተመ። ግጥሙ ወር ከወር ይሄዳል፤ መቼ እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚታጨድ፣ ለከብቱ ምን እንደሚደረግለት ይናገራል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ሌላው ሲያነብለት ቤት የሚመታውን ነገር በቃሉ ይይዘዋል ተብሎ የታሰበ ይመስላል። በ1573 መቶው ምክር አምስት መቶ ሆኖ ወጣ፤ የቤት እመቤቷም ድርሻ ነበረበት፤ በዘመኑ በብዛት ከተሸጡ መጻሕፍት አንዱም ሆነ። ተሰር ራሱ ግን ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው እየተዛወረ በየሄደበት ከሰረ። በ1580 ለንደን ውስጥ የሞተው በዕዳ ታስሮ ሳለ ነው ይባላል።

የባላገርን ኑሮ በጽሑፍ ያስተማሩ ሰዎች ታሪክ ከእርሱ ቢጀመር ተገቢ ነው። ከተሰር በኋላ የመጡትንም ጠጋ ብሎ ላያቸው፣ ብዙዎቹ በሬ እየነዱ እንጀራ የበሉት በብዕር ነው።

ጀርቬስ ማርካም ወታደርና ገጣሚ ነበር። በ1615 ስለ እንግሊዛዊት የቤት እመቤት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ መድኃኒቱም፣ ወጥ አሠራሩም፣ ጠመቃውም፣ ወተት ቤቱም፣ ሱፍና ተልባ ፈተላውም አለ። አብዛኛውን ያገኘው ከአንዲት ባለማዕረግ ሴት የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ አልደበቀም፤ የሴትየዋን ስም ግን አልጻፈም። ይኸው ሰው ስለ ፈረስና ስለ ከብት ሕክምና አንዱን ነገር እየገለባበጠ ደጋግሞ ከማሳተሙ የተነሣ፣ በ1617 የለንደን መጽሐፍ ነጋዴዎች ማኅበር ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ሌላ መጽሐፍ እንዳይጽፍ አስፈርሞታል። የትኛውም ሃያሲ ለደራሲ እንዲህ ያለ ቅጣት ሰጥቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘልዬ ዊልያም ኮቤት ላይ ላርፍ። ኮቤት በእርግጥም ከገበሬ ቤት የወጣ ነው። በ1763 በደቡብ እንግሊዝ ፋርናም ተወለደ፤ የመጀመሪያ ሥራው ከማሳ ወፍ ማባረር ነበር። ወታደር ሆኖ ካናዳ ዘመተ፣ ሰዋስው በራሱ ጥረት ተማረ፣ በ1802 ሳምንታዊ ጋዜጣ መሠረተ። ምላሱ የማይታገሥ ነበር። የወታደሮችን በጅራፍ መገረፍ ነቅፎ በመጻፉ በ1810 ተፈርዶበት ሁለት ዓመት ኒውጌት ወኅኒ ቤት ተቀመጠ። በ1817 ዳግም እንዳይታሰር ወደ አሜሪካ ሸሸና ሎንግ አይላንድ ላይ እርሻ ያዘ። በ1819 ሲመለስ፣ አሜሪካ የተቀበረውን የአብዮተኛውን የቶማስ ፔይንን አጽም ቆፍሮ አውጥቶ በሣጥን ይዞ ገባ። ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ የእንግሊዝ ሕዝብ አልገባውም፤ አጽሙም በኋላ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ።

ኮቤትን የጠበቀችው እንግሊዝ የከፋች ነበረች። የናፖሊዮን ጦርነት በ1815 ካበቃ ወዲህ የእህል ዋጋ ወድቋል፤ የእርሻ ሠራተኛው ደመወዝ አብሮ ወርዷል። መንደሩ በጋራ ከብት ያሰማራበት የነበረው መሬት በአጥር እየታጠረ ወደ ባለርስቶች ዞሯል። ብቅልና በጌሾ ፈንታ የሚገባው ሆፕስ ቀረጥ ስለተጣለባቸው፣ አባቶቹ ቤታቸው ይጠምቁ የነበረ ሠራተኛ አሁን ሻይ ያፈላል፤ ዳቦውንም ከሱቅ ይገዛል። ኮቤት ይህን አይቶ በ1821 ስለ ጎጆ ኑሮ አያያዝ በየወሩ የምትወጣ ቀጭን መጽሔት ማሳተም ጀመረ፤ ሠራተኛው እንዲገዛት ዋጋዋ የጥቂት ሳንቲም ነበር። በ1822 ተጠናቅቃ አንድ መጽሐፍ ሆነች።

መጀመሪያ የተነሣው ጠላውን ይዞ ነው። አንድ ቤተሰብ በዓመት ለሻይ፣ ለስኳሩ፣ ለወተቱ፣ ለማፍያው ዕቃና ለሚባክነው ጊዜ የሚያወጣውን ደምሮ ከአሥራ አንድ ፓውንድ በላይ አገኘ። ቤት ጠምቆ ቢጠጣ ግን ከሰባት ፓውንድ ብዙም አይበልጥም አለ። ሻይ ለእርሱ ሰውነት የሚያደክም፣ ወንዱን የሚያሰንፍ፣ ሴቷን ከምድጃ ሥር የማያስነሣ መርዝ ነው፤ ድንችንም ከዚህ ባልተናነሰ ይጠላዋል። ሒሳቡ ለክርክሩ እንዲመች የተጎተተ መሆኑን ለማየት ብዙ አያስፈልግም። የሚገርመው ግን ስድቡና መመሪያው ተቀላቅለው መቅረባቸው ነው፤ በአንድ ገጽ ብቅሉን በስንት ውሃ እንደምትዘፈዝፍ ይነግርሃል፣ በሚቀጥለው ሚኒስትሮቹን ያወግዛል።

አንዲት ላም ከሩብ ኤክር በማይበልጥ ቦታ ላይ፣ ማለትም ግማሽ ጥማድ በማይሞላ ጓሮ፣ ጥቅል ጎመንና ሥራ ሥር እያፈራረቁ ዓመቱን ሙሉ መቀለብ ይቻላል ብሎ ቀን በቀን አሰላ። አሳማን በሚመለከት ደግሞ፣ ሁለት መቶ ያርድ ሳያርፍ የሚራመድ አሳማ ገና አልደለበም ይላል፤ ከታረደም በኋላ ፀጉሩ በፈላ ውሃ መመለጥ ሳይሆን በጭድ እሳት መለብለብ አለበት። የዚህ ሥጋ ነገር የማይመለከተው የአገራችን አንባቢ ቢዘለውም፣ ስለ ሰንደዶ የጻፈውን ግን እንደ ቤቱ ነገር ያነበዋል። በዚያ ዘመን ሀብታሞቹ የእንግሊዝ ሴቶች የሚያደርጉት የገለባ ባርኔጣ ከጣሊያን፣ ከሊቮርኖ ወደብ የሚመጣ ነበር። ኮቤት የእንግሊዝ ሣርም ይህን ይሠራል ብሎ ተነሣ። ሣሩ ሳይደርቅ፣ አበባ ላይ ሳለ ይቆረጣል፤ በገንዳ ተደርጎ የፈላ ውሃ ይፈስበታል፤ ጥቂት ቆይቶ ይወጣና ሜዳ ላይ ስስ ሆኖ ይሰጣል፤ ፀሐይና ጤዛ እስኪያነጡት ድረስ እየተገላበጠ ይሰነብታል። ከዚያ የገበሬው ሴት ልጆች እቤታቸው ቁጭ ብለው ይጎነጉኑታል። አክርማ ነጭታ፣ አድርቃ፣ አለስልሳ መሶብ የሰፋች ሴት ይህን ብትሰማ፣ ለዚህ ደግሞ መጽሐፍ ምን ያስፈልጋል ትል ነበር። ለንደን ግን የጥበባት ማኅበሩ በ1823 ኮቤትን ለዚሁ ሥራው በብር ሜዳሊያ ሸለመው። ከአሥር ዓመት በኋላ የፓርላማ አባል ሆኖ ነበር፤ በ1835 ሞተ።

በውቅያኖሱ ማዶ፣ ቦስተን አጠገብ፣ ሊዲያ ማሪያ ቻይልድ የምትባል የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበረች። በሃያ ሁለት ዓመቷ ልብ ወለድ አሳትማ ስም ያወጣች፣ ለሕፃናት መጽሔት የምታዘጋጅ ደራሲት ናት። ያገባችው ጠበቃ ደግ ልብና ቀዳዳ ኪስ ያለው ሰው ነበር፤ ዕዳው አያልቅም። በ1829 የቆጣቢዋን የቤት እመቤት መጽሐፍ ያወጣችው ከዚሁ ዕዳ ጋር እየታገለች ነው። እስከዚያ ድረስ አሜሪካ ውስጥ ይታተሙ የነበሩት የባልትና መጻሕፍት በአብዛኛው አገልጋይ ላለው ቤት የተጻፉ ነበሩ። ቻይልድ የጻፈችው ራሷ ለምትጋግር፣ ራሷ ለምታጥብ ሴት ነው። ከዕቃ ላይ የተፈታ ገመድ እንዳይጣል፣ የደረቀ ዳቦ ምን እንደሚሆን፣ ርካሹ የሥጋ ብልት እንዴት እንደሚለሰልስ ዋጋ እየጠቀሰች ትናገራለች። ልጆች ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ሥራ መልመድ አለባቸው ትላለች፤ ለባርኔጣቸው የሚሆነውን ገለባ ራሳቸው ይጎንጉኑ። መጽሐፉ በሃያ ዓመታት ግድም ከሠላሳ ጊዜ በላይ ታተመ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ለልጃገረዶች የጨዋታ መጽሐፍ አወጣች፦ እንቆቅልሹ፣ የሜዳው ጨዋታ፣ የጨርቅ አሻንጉሊቱ፣ ጥልፉ፣ ንብ ማነቡ ሳይቀር አለበት። በአንድ ሴት ብዕር ጓዳውና ጨዋታው ተያይዘው ወጡ ማለት ነው፤ ልጆች ግን አልነበሯትም።

በ1833 ባርነትን የሚቃወም መጽሐፍ ጻፈች። ቦስተን ፊቷን አዞረችባት። የከተማዋ ዝነኛ ቤተ መጻሕፍት የሰጣትን ፈቃድ ነጠቀ፤ ወላጆች የልጆቹን መጽሔት መግዛት አቁመው በ1834 ከእጇ ወጣ፤ የባልትናው መጽሐፍም ገበያው ቀዘቀዘ። ስለ ቁራሽ ዳቦ ሲመከሩ የወደዷት ሰዎች ስለ ባሪያ ሲነገሩ መስማት አልፈለጉም። ባሏ በዚያው እምነቱ፣ የባሪያ ላብ የሌለበት ስኳር አወጣለሁ ብሎ በ1838 ማሳቹሴትስ፣ ኖርዝሃምፕተን ውስጥ ስኳር የሚሰጠውን የቀይ ሥር ዓይነት ለመትከል እርሻ ገባ። ቆጣቢዋ እመቤት በመጽሐፏ ያስተማረችውን ሁሉ ያን ጊዜ በእጇ ሠራችው፤ እርሻው ግን ከሰረ። በ1841 ኒውዮርክ ሄዳ የፀረ ባርነት ጋዜጣ አዘጋጅ በመሆን ቤቱን ያቆመችው እርሷ ናት።

አሜሪካ ከእርስ በርስ ጦርነቷ በኋላ ወደ ከተማ ጎረፈች፤ የልጆች ጨዋታም ከሱቅ መገዛት ጀመረ። ሠዓሊው ዳንኤል ካርተር ቢርድ በ1882 ለወንዶች ልጆች ያሳተመው የእጅ ሥራ መጽሐፍ የዚህ ዘመን ልጅ ነው። በአራቱ ወቅቶች የተከፈለ ነው፤ ጸደይ በካይት ይጀምራል፣ በጋ በጀልባና በዓሣ፣ ክረምት በበረዶ ምሽግና በቤት ውስጥ አሻንጉሊት ቲያትር። ልጅ ከተገዛለት መጫወቻ ይልቅ በሰንጢው የጠረበው ያስደስተዋል የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። እህቶቹ ሊና እና አዴሊያ በ1887 ለልጃገረዶች ተመሳሳዩን ጻፉ። ቢርድ በ1910 የአሜሪካ ስካውትን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ ከገጾቹ የወጣው ካይትና ድንኳን የሚሊዮኖች ልጆች ሥርዓት ሆኖ ቀረ።

በ1920 ኒውዮርክ ውስጥ የቤት እጥረት ነበር። የማስታወቂያና የገበያ ባለሙያው ራልፍ ቦርሶዲ የተከራየው ቤት ሲሸጥበት ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ከከተማው ወጣ፤ የፈራረሰ ቤት ያለበት ሰባት ኤክር መሬት ገዛ። በመጀመሪያው ዓመት ሚስቱ ሜርትል ከጓሮ የለቀመችውን ቲማቲም በብርጭቆ ዕቃ አሽጋ አስቀመጠች። ሰውየው የኢኮኖሚ ነገር አይለቀውም፤ የእሳቱን፣ የዕቃውን፣ የእርሷንም ድካም ዋጋ ሳይቀር አስልቶ፣ የቤቱ ቲማቲም ከፋብሪካው ቆርቆሮ ከሃያ እስከ ሠላሳ በመቶ እንደሚረክስ አገኘ። ፋብሪካ ሁልጊዜ ከቤት ይረክሳል ተብሎ የተማረው ነገር በአንድ ማሰሮ ቲማቲም ተናደበት። ነገሩ ማጓጓዣው፣ ማስታወቂያውና የነጋዴዎቹ ትርፍ ነበር። ያን ሁሉ በ1933 ከከተማ ስለመሸሽ ባወጣው መጽሐፍ ዘረዘረው። ያን ዓመት አሜሪካ ውስጥ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ነበር፤ አንባቢ አላጣም። የሜርትል እጅና የራልፍ እርሳስ የተገናኙበት ያ ቲማቲም፣ ለእኔ ከፍልስፍናው ምዕራፎች ሁሉ ይበልጣል።

የቦርሶዲ መጽሐፍ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀድመው፣ በ1932፣ ስኮትና ሄለን ኒሪንግ ወደ ቬርሞንት ተራሮች ወጥተው ነበር። ስኮት የሕፃናትን ጉልበት ብዝበዛ በመቃወሙ በ1915 ከፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የተባረረ የኢኮኖሚክስ መምህር ነው፤ ሄለን ቫዮሊን ተጫዋች ናት። ቤታቸውን በድንጋይ ሠሩ፤ ከሜፕል ዛፍ ሽሮፕ እያፈሉ ሸጡ። የቀኑን አራት ሰዓት ለእንጀራ፣ አራት ሰዓት ለንባብና ለሙዚቃ መደቡ። ላም ግን የላቸውም፤ ሥጋ አይበሉም፣ እንስሳ ማሠርም ባርነት ነው ይሉ ነበር። አካባቢው የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ሲሆንባቸው በ1952 ወደ ሜይን የባሕር ዳርቻ ተዛወሩ፤ በ1954 ስለ መልካሙ ኑሮ የጻፉትን ራሳቸው አሳተሙ። ማንም ልብ አላለውም።

በእነዚሁ ዓመታት ጆን ሲሞር የሚባል እንግሊዛዊ ገና መጽሐፉን ፍለጋ ላይ ነው። በ1914 ተወልዶ፣ በሃያ ዓመቱ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ሄዶ የበግ እርባታም፣ የዓሣ ጀልባም፣ የመዳብ ማዕድንም ላይ ሠርቷል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ኬንያ ገብቶ በንጉሡ የአፍሪካ ጠብመንጃ ያዦች ጦር ተመደበ፤ ጣሊያን ከኢትዮጵያ በወጣበት ዘመቻም ተዋጋ፤ ከዚያ ወደ በርማ ተላከ። ወደ አገሩ ተመልሶ ለቢቢሲ ሬዲዮ እየተናገረ በጀልባ ላይ ይኖር ነበር። ከሠዓሊዋና ሸክላ ሠሪዋ ሚስቱ ከሳሊ ጋር፣ ተሰር በከሰረበት በዚያው በሳፎክ፣ ከመንገድ የራቀ አምስት ኤክር ተከራዩ። ወተት ለልጆቹ ስለተቸገሩ አንዲት ላም ገዙ። ላሟ ከሚጠጡት በላይ ትሰጣለች፤ የተረፈውን የሚጠጣ አሳማ መጣ፤ አሳማው መሬቱን ገለበጠ፤ በተገለበጠው መሬት አትክልት በቀለ። ሲሞር ይህን ሰንሰለት በ1961 በሳሊ ሥዕሎች አስጊጦ አሳተመው። ዕቅድ የሌለው ሰው ያለ ዕቅድ ገበሬ የሆነበት ስለሆነ፣ ከሥራዎቹ ሁሉ ሳቅ ያለበት ይኸኛው ነው።

ከዚያ 1968 መጣና ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። ከቬትናም ጦርነት የሸሸ፣ ከተማና ፋብሪካ ያስጠላው የአሜሪካ ወጣት ወደ ገጠር ይተም ጀመር። ፒያሳን እንጂ ገደል ያላየ ልጅ ጎጃም ወርዶ አርሳለሁ እንደሚል ሁሉ፣ እነዚህም ችካል መምታት እንኳ አያውቁም። አያቶቻቸው ያውቁ የነበረውን ወላጆቻቸው ረስተውታል፤ ስለዚህ መጽሐፍ ፈለጉ። በ1970 የኒሪንጎች መጽሐፍ እንደገና ሲታተም በአሥር ሺዎች ተሸጠ። ሜይን ድረስ በዓመት በሺህ የሚቆጠር እንግዳ እየመጣ ደጃቸውን ሲያጨናንቅ፣ ሽማግሌው ስኮት ለመጣው ሁሉ አካፋ ያስይዘው ነበር።

ጆርጂያ ውስጥ የሆነው ከሁሉ ይለያል። በ1966 ኤልየት ዊጊንተን የሚባል ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር በአፓላቺያ ተራሮች ሥር በሚገኝ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ አልታዘዝ አሉት፤ አንዱ የሚያስተምርበትን አትሮኖስ ሊያቃጥል ሞከረ። መምህሩ መጽሐፉን ዘግቶ መጽሔት እናዘጋጅ አላቸው። ልጆቹ ቴፕና ካሜራ ይዘው ወደ አያቶቻቸው ወጡ፤ የግንድ ቤት እንዴት እንደሚገጣጠም፣ በጨረቃ እንዴት እንደሚዘራ፣ አረቄ በድብቅ እንዴት እንደሚወጣ ጠየቁ። በ1972 ስብስቡ ፎክስፋየር በሚል ስም ታትሞ በሚሊዮን ተሸጠ። አሪ ካርፔንተር የተባሉት ባልቴት እንግዶቹ ሲደርሱ የአሳማ ጭንቅላት ይዘው ዓይኑን ለማውጣት ይታገላሉ፤ ወሬያቸውን ግን አያቆሙም፤ ሥራውን መምህሩ ተቀብሎ ይጨርሰዋል። ከተሰር ጀምሮ በቆጠርናቸው መጻሕፍት ውስጥ የሚያውቀው ሰው ራሱ የተናገረበት ይህ ነው፤ ማርካም ስሟን ያልጻፈላት ሴት እዚህ በስሟ ቀረበች። የዊጊንተን መጨረሻ ግን አሳፋሪ ነው፤ በ1992 በአንድ ልጅ ላይ የፈጸመውን ወሲባዊ ጥፋት አምኖ ታሰረ። ድርጅቱ ያለ እርሱ ቀጠለ።

በኢዳሆ፣ ኬንድሪክ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ካርላ ኤመሪ የምትባል የገበሬ ሚስት ደግሞ በ1970 ግድም በመጽሔቶች ላይ ማስታወቂያ አወጣች፦ ጥንታዊ የባልትና መጽሐፍ ይሸጣል። መጽሐፉ አልነበረም። ትእዛዝና ገንዘብ ሲመጣ ያን ጊዜ መጻፍ ጀመረች፤ ለደንበኞቹም በየክፍሉ እየላከች አራት ዓመት ፈጀባት። ልጅ እየወለደች፣ እያለበች፣ ማታ ማታ ትጽፋለች። የምታባዛው በስቴንስል ነው። መጽሐፉ በተጠናቀቀበት በ1974 አዲስ አበባ ውስጥም የተማሪው ወረቀት ሌሊት የሚወጣው በዚሁ ዓይነት ማሽን ነበር። ገጾቹ በባለቀለም ወረቀት ታትመው፣ ተደርድረው፣ በቤተሰብና በጎረቤት እጅ ይጠረዛሉ። ውስጡ ቅቤ መናጥ፣ ዶሮ ማረድ፣ ፍየል ማዋለድ፣ ዘር ማስቀመጥ አለ፤ በመካከሉ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ድካሟ፣ ስለ ጸሎቷ ትጽፍልሃለች።

እንግሊዝ በ1973 የነዳጅ ችግር ተመታች፤ በ1974 መጀመሪያ መብራት ለመቆጠብ ፋብሪካው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይሠራ ነበር። በ1975 ቢቢሲ የከተማ ጓሯቸውን አርሰው አሳማ ስላረቡ ባልና ሚስት የቴሌቪዥን ኮሜዲ ጀመረ። ሲሞር ያን ጊዜ ዌልስ፣ ፔምብሩክሺር ባለው እርሻው ነው። በ1974 ከተቋቋመው፣ ዶርሊንግ ኪንደርስሊ ከተባለ አዲስ ድርጅት ጋር ሆኖ በ1976 ራስን ስለመቻል የተሟላ መጽሐፍ አወጣ። ምሥጢሩ ሥዕሉ ነበር። አንድ ኤክር መሬት ከላይ ወደ ታች ተሥሎ ይታያል፤ ግማሹ ሣር፣ ግማሹ በአራት ተከፍሎ አዝርዕት የሚፈራረቅበት፤ ላሟ፣ አሳማው፣ ዶሮው፣ የንብ ቀፎው ሁሉ በየቦታው። ኮቤት ለላም የሰጣት ሩብ ኤክር እዚህ ግማሽ ሆነ፤ ድርቆሽ ከውጭ መግዛት እንደሚኖርም ሲሞር አልሸሸገም። በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ እጅግ ተሸጠ፤ አብዛኛው ገዥ ሰገነት ላይ ከተከለው ጥብስ ቅጠል በቀር የሚያርሰው አልነበረውም። ሲሞር በሰማንያ አምስት ዓመቱ፣ በ1999፣ አየርላንድ ውስጥ ዘረመሉ የተለወጠ የስኳር ቀይ ሥር ከማሳ ነቅለሃል ተብሎ ከሌሎች ጋር ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ2004 ዌልስ ውስጥ ሞተ።

ኤመሪ የገጠር ኑሮ ትምህርት ቤት ከፍታ ሳይሳካላት ቀርቷል፤ ትዳሩም እርሻውም አልቆየላትም። መጽሐፏ በ1994 ዘጠነኛ እትም ሆኖ በሲያትል አሳታሚ ሲወጣ ከስምንት መቶ በላይ ገጽ ያለው መዝገበ ዕውቀት ሆኗል። እርሷም ከአዲሱ ሺህ ዓመት ወዲህ ከከተማ ከተማ እየዞረች ታስተምር፣ መጽሐፉን ትሸጥ ነበር። በ2005 ቴክሳስ፣ ኦዴሳ ውስጥ በዚሁ የንግግር ጉዞ ላይ ሳለች ታማ ሞተች። አሳታሚው በ2012 የመጽሐፉን አርባኛ ዓመት እትም አወጣ።